የድሮ የአሜሪካ ዋፍል መጋገሪያን አድሶ ለወጥ ቤት ማብቃት፦ ከመግዛት እስከ መጀመሪያው ዋፍል

ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ የኤሌክትሪክ ዋፍል መጋገሪያዎች ዛሬም በየጓሮ ሽያጩና በየአሮጌ ዕቃ መደብሩ በርካሽ ይገኛሉ። ሰንቢም፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ዌስቲንግሃውስ፣ ቶስትማስተር፣ ዶሚኒየን፣ ማኒንግ ቦውማንና ዩኒቨርሳል የሚሉ ስሞች ሥራቸው የታወቀ ነው። ምጣዶቻቸው ምንም ዓይነት የማያጣብቅ ሽፋን ያልተቀባ፣ ቀልጦ የተቀረጸ አሉሚኒየም ናቸው። ወፍራም ስለሆኑ ሊጥ ሲፈስባቸው ቶሎ አይቀዘቅዙም፤ ጉድጓዶቻቸው ብዙ ስለማይጠልቁ ደግሞ የሚወጣው ዋፍል ስስ፣ ውጪው የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ሽፋን ያለው ዘመናዊ መጋገሪያ ሽፋኑ ሲላጥ ይጣላል፤ እነዚህ ግን ሽቦአቸው ከታደሰ ገና ብዙ ዘመን ይሠራሉ።

አብዛኛው ሰው እድሳቱን ከማወልወል ይጀምራል፤ ይህ አደገኛ ነው። ክሮሙ ያበራ መጋገሪያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ቀንም አንድ ሰው ከነደረቀ ገመዱ ይሰካዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ ምጣዱ፣ መጨረሻ ውጫዊው መልክ። ገንዘብዎም ጊዜዎም የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ከሆነ ለሽቦው ያውሉት።

የዋፍል ብረት ራሱ ከኤሌክትሪክ ይቀድማል። በትሮይ፣ ኒውዮርክ የኖረው ኮርኔሊየስ ስዋርትአውት ምድጃ ላይ የሚገላበጥ የዋፍል ብረት የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ነሐሴ 1869 ነበር (በፈረንጆቹ ኦገስት 24)። በኋላም በኢሪ፣ ፔንሲልቫኒያ የነበረው ግሪስወልድና በሲድኒ፣ ኦሃዮ የነበረው ዋግነር በብረት ቀልጠው የሚሠሩ፣ ምድጃ ላይ የሚቀመጡ መጋገሪያዎችን በብዛት አምርተዋል። ኤሌክትሪኩን የሚቻል ያደረገው አልበርት ማርሽ በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል ሽቦ፣ ማለትም ኒክሮም ነው፤ ቀይ እስኪሆን ግሎ ሳይቃጠል ደጋግሞ ይሠራል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ኤሌክትሪኩን ነው። የብረቶቹ አጸዳድ ስለሚለይ ምጣዱን በምናነሳበት ቦታ ባጭሩ እንጠቅሰዋለን።

ከመግዛትዎ በፊት

መጋገሪያውን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን የብረት ታርጋ ያንብቡ። ቮልቱ 110–120፣ ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 1100 ይሆናል። «በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ውስጡ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ክፍል፣ አለ ማለት ነው፤ የቴርሞስታቱ መገናኛዎች በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲላቀቁ ብልጭታው ስለማይጠፋ ነው ማስጠንቀቂያው የተጻፈው። ቴርሞስታት የሌላቸው ጥንታዊዎቹ በሁለቱም ይሠሩ ነበር፤ ሙቀታቸውን የሚቆጣጠረው ግን ገመዱን የሚነቅለው ሰው ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ቴርሞስታት ያለውን ይምረጡ።

ሻጩ «ይሠራል» ቢልዎትም አይሰኩት። መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዘው ይሂዱ፤ በሁለቱ የገመድ ጫፎች ወይም በሁለቱ የመሰኪያ እግሮች መካከል ያለውን ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበትን መጠን) ይለኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የቮልቱ ካሬ ለዋቱ ሲካፈል። በ120 ቮልት 660 ዋት ወደ 22 ኦም፣ 800 ዋት 18 ኦም፣ 1000 ዋት 14.4 ኦም፣ 1100 ዋት 13 ኦም አካባቢ ያሳያል። ኒክሮም ሲቀዘቅዝ ኦሙ በጥቂት በመቶ ስለሚያንስ ንባቡ ትንሽ ዝቅ ቢል አይደንግጡ። ንባቡ ከሚጠበቀው እጥፍ ከሆነ ጎን ለጎን ከተያያዙት ሁለት የሙቀት ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል፣ ወይም ማጠፊያው ላይ ያለው ሽቦ ተቋርጧል። ምንም ካላነበበ ወይ ገመዱ፣ ወይ ቴርሞስታቱ ተቋርጧል፤ እነዚህ ሁሉ የሚጠገኑ ስለሆኑ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅሙዎታል። ከዚያ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ እግሩ ላይ፣ ሌላውን ራቁት ብረቱ ላይ አድርገው ይለኩ። እዚህ ምንም ንባብ መኖር የለበትም፤ ካለ ሽቦው ገላውን ነክቷል።

ቀጥሎ ምጣዶቹን ይዩ። ጥቁር የከሰለ ቅባት ይጸዳል። የማይጸዳው የተበላ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ የሆነ አሉሚኒየም፣ የተሰበረ ጥርስ፣ ወይም አንድ ሰው በሽቦ ብሩሽ የፋቀው ገጽ ነው። ክዳኑን ከፍ ዝቅ ያድርጉት፤ የድሮዎቹ ማጠፊያዎች ሆን ተብለው ልል ተደርገዋል፣ ክዳኑ ዋፍሉ ሲነፋ አብሮት በአግድሙ እንዲነሳ። ይህ ልልነት ብልሽት አይደለም፤ ማጠፊያውን «ለማጥበቅ» ቢሞክሩ የዋፍሉ አንድ ጎን ስስ፣ ሌላው ወፍራም ይሆናል። የባክላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) እጀታው ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ይፈልጉ፤ ተመሳሳዩን እጀታ ለማግኘት ሁለተኛ መጋገሪያ መግዛት ሊያስፈልግ ይችላል።

አፈታቱ

ፊሊፕስና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ ብሎኖችን የሚያስቀምጡበት የእንቁላል ካርቶን፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ያዘጋጁ። ከእያንዳንዱ ብሎን በፊት ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ የትኛው ሽቦ ከየትኛው እግር ላይ እንደታሰረ።

ምጣዶቹ መካከል ላይ ባለ አንድ ብሎን፣ ወይም ዳርና ዳር ባሉ ብሎኖች፣ አንዳንዴም በቁልፍ ተይዘዋል። የአረብ ብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ለብዙ ዓመት ሲቀመጥ ይጣበቃል፤ በጉልበት ከፈቱት ራሱ ይቆረጣል። ዝገት አላቃቂውን ጨምረው ለአንድ ሌሊት ይተዉት፣ በማግስቱ በጸጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ አየር መሣሪያ ምጣዱን ያሙቁት፤ አሉሚኒየም ከብረት የበለጠ ስለሚሰፋ ብሎኑ ይለቃል። መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ያዙሩ።

ምጣዱ ሲነሳ ከሥሩ በሸክላ መያዣዎች ላይ የተዘረጋ ወይም በሚካ ላይ የተጠመጠመ የኒክሮም ሬዚስታንስ፣ ማለትም የሙቀት ሽቦውን፣ ያያሉ። የእንጀራ ምጣድ ሬዚስታንስ የቀየረ ሰው እዚህ እንግዳ አይሆንም። ከሬዚስታንሱና ከውጫዊው ገላ መካከል ግን ነጭ ወይም ግራጫ፣ እንደ ወፍራም ወረቀት ያለ ንጣፍ ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ። በዚያ ዘመን ሙቀት መከላከያው ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ፣ ማለትም ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ክር፣ ነበር፤ በጨርቅ የተጠቀለለው የድሮ ገመድም ውስጡ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አደጋው ከሚቦንን አቧራ ነው። ንጣፉ ሙሉና ያልተፈረፈረ ከሆነ ሳይነኩት ሥራዎን ይጨርሱ። ብሩሽ አይጠቀሙበት፣ በአየር አይንፉት፣ ቫክዩም አያድርጉበት። የተፈረፈረ ከሆነ የእኛ ምክር አንድ ነው፦ መልሰው ይግጠሙት፣ በፕላስቲክ ይጠቅልሉትና ሌላ መጋገሪያ ይፈልጉ። እነዚህ ዕቃዎች ብዙ ናቸው፣ ሳንባ ግን አንድ ነው። የጨርቅ ገመዱን ለማስወገድ ጥቂት ሳሙና ባለበት ውኃ ርሶ፣ ሳይቆራረጥ በሁለት ፕላስቲክ ታስሮ ወደ ከተማዎ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይሂድ። በዚህ ሥራ ጊዜ ፒ100 ማጣሪያ ያለው ማስክ ያድርጉ፤ ተራው የወረቀት ማስክ አያድንም።

ሬዚስታንሱ

ጥምዝምዙ አንድ ቦታ ተዘርግቶ ከረገበ ገላውን የሚነካው እዚያ ነው፤ ወደ ሸክላ መያዣው ይመልሱት። ያረጀ ኒክሮም ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሰበራል፤ የሚያጥፉትን ቦታ በትንሽ ችቦ ነበልባል ቀይ እስኪል ሳያሞቁ አይንኩት።

ከተበጠሰ በስታኞ አይበየድም። ተራ ስታኞ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሬዚስታንሱ ደግሞ ከዚያ እጅግ በላይ ይግላል። ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ መተውም አይበቃም፤ መገናኛው ይዝጋል፣ ይግላል፣ እንደገና ይበጠሳል። ትክክለኛው ዘዴ ጫፎቹን በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ መጥረግ፣ ከዚያ በኒኬል ቱቦ ውስጥ አስገብቶ በፒንሳ አጥብቆ መጨፍለቅ ነው። ቱቦው ከሌለ ትንሽ የማይዝግ ብረት ብሎን፣ ሁለት ሮንዴላና ዳዶ ይሠራሉ። ሽቦውን በቆረጡ ቁጥር ርዝመቱ ያጥራል፣ ኦሙም ይቀንሳል፣ ዋቱ ይጨምራል፤ ከርዝመቱ 5 በመቶ ከጠፋ ኃይሉ 5 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ይህን ይሸከማል። ከ10 በመቶ በላይ ከጎደለ ሙሉውን ይቀይሩ።

ማጠፊያው ላይ ያለው ሽቦ

እድሳቱ የሚበላሸው እዚህ ነው። የላይኛው ምጣድ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከታች ተነስቶ በማጠፊያው በኩል በሚያልፉ ሁለት ሽቦዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ በብረት ሞላ ውስጥ ተሰውረዋል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋሉ፤ በዚያ ላይ ሁልጊዜ ሙቀት ውስጥ ናቸው። የድሮው መጠቅለያ ደርቆ ሲፈረፍር ራቁቱ ሽቦ ሞላውን ይነካል፣ ሞላው ከገላው፣ ገላው ከእጅዎ።

ተራ የቤት ሽቦ እዚህ በደቂቃዎች ይቀልጣል። የሚያስፈልገው እንደ ጸጉር የቀጠነ ብዙ ክር ያለው፣ ኒኬል የተቀባ፣ መጠቅለያው ፋይበርግላስ የሆነ የምድጃ ሽቦ ነው። በአሜሪካ ገበያ ቲጂጂቲ የሚባለው እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ኤምጂ የሚባለው እስከ 450 ዲግሪ ይችላል። ለማጠፊያው ቲጂጂቲ የበለጠ ይታጠፋል፤ ሬዚስታንሱን በቀጥታ ለሚነካው ክፍል ኤምጂ ይሻላል። ውፍረቱ በአሜሪካ ቁጥር 16 ወይም 14 ይሁን።

አሮጌውን ሽቦ ሳይጥሉ ርዝመቱን ይለኩ፣ አዲሱን ከዚያ በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስረዝሙት። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሽቦው መወጠር የለበትም፤ ሲዘጋም መቆንጠጥ የለበትም። ሽቦው ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ፣ ፋይበርግላስ ቱቦም ያልብሱት። ከሬዚስታንሱ እግር አጠገብ የነበሩ የሸክላ ዶቃዎች ካሉ ሳይቀሩ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ተርሚናሎቹ ኒኬል ወይም ኒኬል የተቀባ አረብ ብረት ይሁኑ፤ ፕላስቲክ የለበሰው ቆርቆሮ የተቀባ ተርሚናል ይቀልጣል። ብሎኑን ሲያስሩ የሽቦው ተርሚናል፣ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ፤ በሬዚስታንሱና በሽቦው መካከል ምንም አይግባ።

ሲጨርሱ መልቲሜትሩን እንደተያያዘ አድርገው ክዳኑን ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ። ኦሙ መዝለል የለበትም። ከዘለለ ብሎን ልል ነው።

ገመዱና ምድር ሽቦው

የሚነቀል ገመድ ላላቸው፦ ሁለቱን የመሰኪያ እግሮች በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይጥረጉ። አሮጌውን የሴት መሰኪያ አይጠቀሙበት፤ ውስጡ ያለው መቆንጠጫ ሲላላ ይግላል፣ እግሮቹም ይጠቁራሉ። የጠቆረ እግር ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። አዲስ ሲገዙ ለሙቀት ዕቃ የተሠራና ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል ይሁን።

ቋሚ ገመድ ላላቸው በአሜሪካ ኤችፒኤን የሚባለው 16 ቁጥር የሙቀት ዕቃ ገመድ ይስማማል። የእኛ ምርጫ ግን ሦስት ሽቦ ያለው ኤችኤስጄኦ ነው፤ ሦስተኛው አረንጓዴ ሽቦ ገላውን ከምድር ጋር ያገናኛል። ድሮ እነዚህ መጋገሪያዎች ያለ ምድር ሽቦ ነበር የሚሸጡት፤ ሬዚስታንሱ ገላውን ሲነካ ፊውዝ የሚያስወርድ ነገር አልነበረም። አረንጓዴውን ሥር ባለው ብረት ላይ በብሎን ያስሩ፤ ቀለምና ዝገቱን ፍቀው። ማጠፊያው ልል ስለሆነ የላይኛው ገላ በራሱ አስተማማኝ ግንኙነት የለውም፤ ስለዚህ ሦስተኛ የምድጃ ሽቦ በማጠፊያው በኩል ወደ ላይ ያሳልፉ። ገመዱ ሲጎተት ብሎኖቹን እንዳይነቅል መግቢያው ላይ መያዣ ያድርጉ። ማብሪያ ወይም ቴርሞስታት ካለ የሚያቋርጠው ጥቁሩን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚመጣበትን ሽቦ ይሁን እንጂ ነጩን አይሁን።

የሽቦ ሥራ ለማያውቅ ሰው ይህንና የማጠፊያውን ክፍል ለኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ መስጠት ብልህነት ነው፤ የቀረውን ሁሉ በራስዎ መሥራት ይችላሉ።

ቴርሞስታት

ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቀው የሚሠሩት ቀጭን ቅጠል ነው፤ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ መገናኛዎቹን ያላቅቃል። መገናኛዎቹ ከጠቆሩ ነጭ ወረቀት በአልኮል ነክረው በመካከላቸው ያስገቡና ቀስ ብለው ይጎትቱ። ካልተጸዳ በጣም ጥሩ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ሞረድ የብሩን ሽፋን ይጨርሰዋል። ቅጠሉን በፒንሳ አያጉብጡ። ማስተካከያ ብሎን ካለው መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ በሩብ ዙር ብቻ ያዙሩት።

የመጀመሪያው ፍተሻ

ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች አምፖል በመሃል አስገብተው መሞከርን ይመክራሉ፤ ለዋፍል መጋገሪያ ግን አይጠቅምም። ሬዚስታንሱ ራሱ ኦሙ ትንሽ ስለሆነ አምፖሉ ደህናውንም ብልሹውንም አንድ ዓይነት ብርሃን ያሳያል። የሚታመነው መለኪያ ነው። በ500 ቮልት የሚፈትሽ የኢንሱሌሽን መለኪያ ተውሰው በኤሌክትሪኩ እግርና በገላው መካከል ይለኩ፤ ከ1 ሜጋኦም በላይ መሆን አለበት። ዝቅ ካለና መጋገሪያው እርጥብ ምድር ቤት ከርሞ ከሆነ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ምድጃ ውስጥ ባክላይቱን አውልቀው ለሁለት ሰዓት ያድርቁትና እንደገና ይለኩ።

ከዚያ ከቤት ውጪ፣ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲሰማ በሚቋረጥ ጂኤፍሲአይ ሶኬት ላይ ይሰኩት። በሶኬቱና በገመዱ መካከል ዋት መለኪያ ያድርጉ፤ ንባቡ ከታርጋው በ10 በመቶ ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ የቆየ ዘይትና አቧራ ይጨሳል። የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ግን ወዲያው ይንቀሉ፤ ሊኖር የማይገባው ሽቦ ውስጥ ቀርቷል።

የምጣዱ ሙቀት ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስና እዚያ አካባቢ ከፍ ዝቅ ሊል ይገባል። በጨረር የሚለካው ቴርሞሜትር በሚያበራ አሉሚኒየም ላይ ከእውነቱ በጣም ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ደህናውን ቴርሞስታት ያበላሻል። ምጣዱን በሚነካ ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር ይለኩ። ቴርሞስታቱም መጀመሪያ ሲሞቅ ልኩን አልፎ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ እስኪበራ ሳይጠብቁ አይፍረዱበት።

ምጣዱን ማጽዳት

ለአሉሚኒየም ኮስቲክ ሶዳ ወይም ኮስቲክ ያለበት የምድጃ ማጽጃ ፈጽሞ አይቀርብም፤ ብረቱን ይበላዋል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ያጠቁረዋል። ምድጃ ላይ ለሚቀመጡት የግሪስወልድና የዋግነር ብረቶች ኮስቲክ ይሠራል፣ ለአሉሚኒየም እጀታና ክፍል ግን አይሆንም፤ ሁለቱን ያለመለየት ብዙ ምጣድ አጥፍቷል።

ምጣዶቹን ከሽቦው ነጥለው በጣም ሙቅ ውኃና የዕቃ ሳሙና ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉ። ከዚያ የጥርስ ብሩሽ፣ ለጉድጓዶቹ ጥግ ደግሞ ጫፉ የተሳለ የቀርከሃ ስንጥር። የቀረው የከሰለ ቅባት ካልለቀቀ ምጣዶቹን ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከጎናቸው 120 ሚሊ ሊትር አሞኒያ የያዘ ትንሽ ሳህን አድርገው ያሽጉና ከቤት ውጪ ለአንድ ሌሊት ይተዉ። ምጣዱ ፈሳሹን አይንካ፤ የሚሠራው ትነቱ ነው። በማግስቱ ከነፋሱ ጀርባ ቆመው ይክፈቱ፣ በሙቅ ውኃ ያጥቡ። አሞኒያ ባለበት በረኪና አይድረስ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

በመጨረሻ ምጣዱ የነጣ ብረት እስኪመስል መፋቅ አያስፈልግም። ከጉድጓዶቹ ግርጌ ጠንክሮ የቀረው ቡናማ ለስላሳ ገጽ ጠቃሚ ነው፣ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ ከሆነ ይተዉት። አሸዋ በመንፋት ማጽዳት ገጹን ያሻክረዋል፤ የሻከረ ገጽ ሊጡን ጨብጦ ይይዛል።

ማሟሸት

የሸክላ ምጣድ አሟሽቶ የሚያውቅ ሰው መርሁን ያውቀዋል፤ የሚለየው መጠኑ ነው። የካኖላ ዘይት ይበቃል፤ እሱም ከጎመን ዘር ወገን የሚገኝ ዘይት ነው። ምጣዱ ለብ ሲል በጨርቅ እያንዳንዱን ጥርስ ይቀቡ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ይጥረጉት። ክዳኑን ዘግተው ለ10 ደቂቃ በሙሉ ሙቀት፣ ከዚያ ከፍተው ያቀዝቅዙ። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ዘይቱ ከበዛ ቢጫ ማር የመሰለ ተጣባቂ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንደገና ማጽዳት ብቻ ነው። በጣሳ የሚረጨውን የመጥበሻ ስፕሬይ አይጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ሌሲቲን ሙቀት ላይ ወደ ሙጫ ይለወጣል።

ከዚህ በኋላ ምጣዱ ሳሙናም ውኃም አያይም። ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል።

ውጫዊው ገላ

ክሮም ላይ ያለ ቀላል ዝገት በተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀትና በውኃ ይለቃል። ቀጥሎ የክሮም ማወልወያ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ኒኬል ናቸው፣ ብርሃናቸው ሞቅ ያለ ቢጫማ ነው፤ ኒኬል ለስላሳ ስለሆነ በኃይል አይታሽ። ባክላይቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ ውኃ ውስጥ አይዘፍዘፍም፣ በደረቁም አይፋቅ፤ በዚያ ዘመን አንዳንዱ ባክላይት አስቤስቶስ ይቀላቀልበት ነበር።

ሊጡና የመጀመሪያው ዋፍል

250 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይደባልቁ። በሌላ ሳህን የሁለት እንቁላል አስኳል፣ 420 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 115 ግራም የቀለጠ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት። ሁለቱን አዋህደው፣ የእንቁላሉን ነጭ ለብቻ አረፋ እስኪሠራ መትተው በመጨረሻ ቀስ ብለው ያስገቡ። እብጠቱ ቢቀር ግድ የለም፤ ሊጡ በብዙ ሲመታ ዋፍሉ እንደ ቆዳ ይሆናል።

ሽፋን በሌለው ምጣድ ላይ የሚያላቅቀው ሊጡ ውስጥ ያለው ቅባት ነው። ለዘመናዊ መጋገሪያ የተጻፈ ቅባቱ አነስተኛ፣ ስኳሩ ብዙ የሆነ አዘገጃጀት እዚህ ይጣበቃል። ስኳርን ይቀንሱና ማሩን ሲበሉ ይጨምሩበት። በጾም ወራት እንቁላሉና ወተቱ በ450 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት፣ ቅቤው በ120 ሚሊ ሊትር ዘይት ይተካል፤ ከዱቄቱ ሩቡን ጤፍ ማድረግ ይቻላል። የጾሙ ሊጥ አስኳል ስለሌለው በየዋፍሉ መካከል ምጣዱን በዘይት በነካ ጨርቅ ያስሱት፣ አንድ ሁለት ደቂቃም ይጨምሩለት።

ምጣዱ ላይ የውኃ ጠብታ ይጣሉ፦ ተኝቶ ከፈላ አልደረሰም፤ ከተንከባለለና ከዘለለ ደርሷል። ለ18 ሴንቲ ሜትር ክብ ምጣድ 180 ሚሊ ሊትር ያህል መሃል ላይ ያፍስሱ፤ ክዳኑ ራሱ ያሰራጨዋል። እንፋሎቱ እስኪቆም፣ ማለትም ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፣ አይክፈቱ። ቀድመው ከከፈቱት ለሁለት ይቀደዳል፣ ግማሹ ላይ ግማሹ ታች ይቀራል። የመጀመሪያው ዋፍል የተረፈውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚወጣ ይጣላል።

ሁለተኛውም ከተጣበቀ ምክንያቱን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ፦ ምጣዱ አልሞቀም፣ ስኳሩ በዝቷል፣ ቅባቱ አንሷል፣ ማሟሸቱ አልተሟላም። ታችኛው ገጽ ጠቁሮ ላይኛው ከነጣ የላይኛው ሬዚስታንስ ኃይል አላገኘም፤ ወደ ማጠፊያው ሽቦ ይመለሱ። አንዱ ጎን ብቻ ከነጣ ማጠፊያው ተይዟል ወይም የጥምዝምዙ ክፍል ተዘርግቷል። ገመዱ መሰኪያው አጠገብ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ መገናኛው ልል ነው፤ እስኪጠበቅ ድረስ አይጋግሩበት።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚወስዱት

መጋገሪያው ለ120 ቮልት ነው የተሠራው። 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 1000 ዋቱ ወደ 3360 ዋት ያድጋል፣ ሬዚስታንሱም ወዲያው ይበጠሳል። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ፣ በመዳብ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ለ1000 ዋት መጋገሪያ 1500 ዋት የሚችል ይምረጡ። ለጉዞ የሚሸጡት ቀላል ኤሌክትሮኒክ መቀየሪያዎች ማዕበሉን ይቆርጣሉ እንጂ ከፍታውን አያወርዱም፤ ለድሮ ኢንሱሌሽን አይሆኑም። የ50 እና የ60 ኸርዝ ልዩነት ለሬዚስታንስ ምንም አይደለም።

ጠጋኞች ሁለቱን ሬዚስታንስ በተከታታይ አስሮ በቀጥታ 220 ላይ ማዋልን ሊያቀርቡልዎ ይችላሉ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሒሳቡ ትክክል ነው፣ እያንዳንዱ 110 ቮልት ይደርሰዋል። ነገር ግን ቴርሞስታቱ፣ የምልክት መብራቱና የድሮው መከላከያ ለ120 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ አንመክረውም። በዚያ ላይ ዕቃው አንድ ቀን ወደ አሜሪካ ቢመለስ በ120 ቮልት ሩቡን ኃይል ብቻ ነው የሚሰጠው። ትራንስፎርመሩን ይግዙ።

ከተጠቀሙ በኋላ ክዳኑን ከፍተው ያቀዝቅዙ፤ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። ገመዱን ትኩስ ገላ ላይ አይጠምጥሙ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ በሁለቱ ምጣዶች መካከል ንጹሕ ወረቀት ያድርጉ፣ ዘይቱ እንዳይቆመጥጥም በደረቅ ጨርቅ አንዴ ይጥረጉት።